«ሲስተም የለም» ከማለታችን በፊት

ባሕር ዳር ውስጥ ጉዳይ ለማስፈጸም ቢሮ የሄደ ሰው ሁሉ ይህችን መልስ ያውቃታል፤ «ሲስተም የለም»። ከዘጌ በማለዳ ጀልባ የመጡ አባት ወረቀታቸውን ይዘው መስኮቱ ጋ ይደርሳሉ። «ሲስተም የለም አባባ፣ ከሰዓት ይሞክሩ» ይባላሉ። ከሰዓት ደግሞ ጀልባዋ ትመለሳለች። ሰውየው ወይ ጉዳያቸውን ጥለው ይሄዳሉ፣ ወይ ለአልጋ ከፍለው ያድራሉ።

የሚያንገበግበኝ፣ ከዚህ እንግልት ብዙው ሊቀር የሚችል መሆኑ ነው። እርግጥ መስመሩ ከውጭ የሚቋረጥበት ጊዜ አለ። ብዙ ጊዜ ግን የተበላሸው ነገር እዚያው ግድግዳችን ውስጥ ነው። የላላ ገመድ ይሆናል፤ መብራት ሄዶ ሲመጣ አድራሻ ያጣ ኮምፒዩተር ይሆናል፤ አንድ ሰው ማንንም ሳያማክር የሰካው ራውተር ይሆናል። ይህን ለማግኘት መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። ከየት ተነስቶ ወዴት እንደሚኬድ ማወቅ ይበቃል። ይህን የምጽፈው የአይቲ ባለሙያ ለሌለው፣ ወይም ባለሙያው ሌላ ሕንፃ ላይ ለሚቀመጥበት ቢሮ ነው።

መጀመሪያ መንገዱን እንወቀው። ከኮምፒዩተሩ ጀርባ ላን ኬብል ይወጣል። ኬብሉ ስዊች ላይ ይሰካል። ስዊች ያቺ ብዙ ቀዳዳ ያላት፣ መብራቶቿ ብልጭ ድርግም የሚሉ ጠፍጣፋ ሳጥን ናት። ሥራዋ የቢሮውን ኮምፒዩተሮችና ፕሪንተሮች እርስ በርስ ማገናኘት ነው። ከስዊቹ አንድ ኬብል ወደ ራውተር ይሄዳል። ከቢሮው ወደ ውጭ የሚወጣ ሁሉ በራውተሩ ያልፋል። ከዚያ የፋይበሩ ሳጥን አለ፣ ከዚያም የኢትዮ ቴሌኮም መስመር። ትንሽ ቢሮ ከሆነ ራውተሩ፣ ስዊቹና ዋይፋዩ አንድ ሳጥን ውስጥ ይጠቃለላሉ።

«ኔትወርክ ጠፋ» ሲባል በዚህ መንገድ ላይ አንድ ቦታ ተበጥሷል ማለት ነው። ሥራው ሁሉ የት እንደተበጠሰ መለየት ነው። ከራሳችሁ ኮምፒዩተር ጀምራችሁ ወደ ውጭ ሂዱ፤ አንዱ ደህና መሆኑ ሳይረጋገጥ ወደ ሌላው አትለፉ። በአንድ ጊዜም ሁለት ነገር አትቀይሩ። ገመዱንም ቀይራችሁ ራውተሩንም አጥፍታችሁ አብርታችሁ ቢስተካከል፣ የቱ እንዳስተካከለው አታውቁም። በሳምንቱ ያው ችግር ሲመጣ እንደገና ከዜሮ ትጀምራላችሁ።

ከሁሉ በፊት ግን ዞር ብላችሁ ጠይቁ። «እናንተስ ጋ ይሠራል?» የጠፋው የእናንተ ብቻ ከሆነ፣ ችግሩ ከኮምፒዩተራችሁ እስከ ስዊቹ ቀዳዳ ባለው ርቀት ውስጥ ነው። የአንድ ክፍል ሰዎች ሁሉ ከሆኑ የዚያ ክፍል ስዊች ነው። ሕንፃው በሙሉ ከሆነ ራውተሩ ወይም ከዚያ ውጭ ያለው ነው። ይህች አንዲት ጥያቄ ግማሹን ሥራ ትጨርሳለች።

ገመዱ

ላን ኬብሉ የሚሰካበት ቀዳዳ ጎን ትንሽ መብራት አለች። ከበራች ኮምፒዩተሩና ስዊቹ ተገናኝተዋል። ካልበራች ሌላውን ሁሉ ተዉትና ገመዱን ያዙ። ከሁለቱም ጫፍ ነቅላችሁ ቀጭ እስኪል መልሳችሁ ሰኩት። የጫፉ የፕላስቲክ ምላስ ከተሰበረች ገመዱ የተሰካ ይመስላል እንጂ ወንበር በነካው ቁጥር ይላላል። ስዊቹ ላይ ሌላ ቀዳዳ ሞክሩ። የሚሠራ የጎረቤት ገመድም ተውሳችሁ ሞክሩ። ስዊቹ ራሱ ዲቫይደር ላይ ተሰክቶ፣ ዲቫይደሩን የጽዳት ሠራተኛዋ ለሌላ ነገር ነቅላው ሊሆንም ይችላል። እሷን ከመቆጣት «ይህ አይነቀልም» የሚል ወረቀት መለጠፍ ይሻላል።

ገመዱ ውስጥ 8 ቀጫጭን ሽቦዎች አሉ፣ ሁለት ሁለት ሆነው የተጠማዘዙ። ጫፉ ላይ ብዙ ጊዜ የሚደረደሩት በዚህ ቅደም ተከተል ነው። ነጭ ከብርቱካን፣ ብርቱካን፣ ነጭ ከአረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ከሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ከቡናማ፣ ቡናማ። አረንጓዴው ጥንድ በሰማያዊው መሃል መከፈሉን ልብ በሉ። ብዙ ሰው ይህን ስህተት ይመስለውና ቀለሞቹን ጥንድ ጥንድ አድርጎ፣ በሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት ይደረድራል። በኬብል መሞከሪያ ሲታይ ስምንቱም መብራት ተራ በተራ ይበራል፣ «ሠርቷል» ይባላል። ግን አልሠራም። ሽቦዎቹ የተጠማዘዙት አንዱ የሌላውን ረብሻ እንዲያጠፋ ነው፤ መጠማዘዙ የሚጠቅመው አንድ መልእክት በአንድ ጥንድ ላይ ሲሄድ ነው። ጥንዱ ከተሳሳተ መብራቷ ትበራለች፣ ገመዱ ረዘም ሲል ግን ፋይሉ ይንቀራፈፋል፣ ግንኙነቱ ይቆራረጣል። ምክንያቱ ለወራት ሳይታወቅ የሚቆይ «ስሎው ነው» የሚባል ችግር አንዳንዴ እንዲህ ዓይነት ነው። ጫፍ የሚያስር ሰው ስትፈልጉ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፖሊ ካምፓስ ተምሮ ይህን ጠንቅቆ የሚያውቅ ወጣት ባሕር ዳር ላይ አይጠፋም። ቅደም ተከተሉን ጠይቁት።

ሁለት ነገር እዚሁ ልጨምር። የመዳብ ላን ኬብል ከ100 ሜትር በላይ እንዲሄድ አልተሠራም። ከአንዱ ብሎክ ወደ ሌላው ብሎክ በግቢ የተጎተተ ገመድ ካላችሁ ርዝመቱን ለኩት። ሌላው ፍጥነቱ ነው። በሰከንድ 1000 ሜጋቢት ለመድረስ ስምንቱም ሽቦ ያስፈልጋል፤ ለ100 ግን አራቱ ይበቃሉ። ስለዚህ ፈጣን መሆን የነበረበት ግንኙነት 100 ላይ ከቆመ አንዷ ሽቦ ተቆርጣ ወይም በደንብ ሳትታሰር ቀርታ እንደሆነ ጠርጥሩ።

አድራሻው

ገመዱ ደህና ከሆነ ቀጥሎ የሚታየው አድራሻው ነው። ማንኛውም ኮምፒዩተር ኔትወርክ ላይ ለመሥራት አራት ነገር ይፈልጋል። የራሱ አይፒ አድራሻ፣ ሰብኔት ማስክ፣ ጌትዌይ እና ዲኤንኤስ (የድረ ገጽን ስም ወደ ቁጥር የሚቀይረው፣ ወደ በኋላ እመጣበታለሁ)። አንድ የተለመደ ቢሮ ውስጥ አድራሻው 192.168.1.37፣ ማስኩ 255.255.255.0፣ ጌትዌዩ 192.168.1.1 ሊሆን ይችላል። ማስኩ የሚናገረው «የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቁጥሮች ከእኔ ጋር አንድ የሆኑ ሁሉ የቢሮዬ ሰዎች ናቸው» ነው። ከዚያ ውጭ የሆነውን ሁሉ ኮምፒዩተሩ ለጌትዌዩ፣ ማለትም ለራውተሩ ያስረክባል። በ192.168 የሚጀምሩ ቁጥሮች ለግቢ ውስጥ አገልግሎት የተተዉ ናቸው። የእናንተ 192.168.1.37 እና ማዶ ያለው ሆቴል 192.168.1.37 አይጋጩም።

እነዚህን ቁጥሮች በእጅ መጻፍ አያስፈልግም። ራውተሩ ዲኤችሲፒ በሚባል አሠራር ለሚመጣ ሁሉ ያድላል። አዲስ ኮምፒዩተር ስታስገቡ ኔትወርክ ሴቲንጉ ላይ «አውቶማቲክ» የሚለውን መተው በቂ ነው። በእጅ የሚጻፍ ቋሚ አድራሻ ለፕሪንተርና ለሰርቨር ይሁን። እሱም ቢሆን ራውተሩ ከሚያድለው ክልል ውጭ መሆን አለበት። ራውተሩ የመጨረሻውን ቁጥር ከ100 እስከ 200 የሚያድል ከሆነ ፕሪንተሩን 20 ላይ አስቀምጡት። አለበለዚያ አንድ ቀን ራውተሩ የፕሪንተሩን ቁጥር ለአንድ ላፕቶፕ ይሰጠዋል። ሁለቱ ይጋጩና ወረቀቱ አንዴ ይወጣል፣ አንዴ ይቀራል።

አድራሻችሁን ለማየት የዊንዶውስ መፈለጊያ ላይ ሲኤምዲ (cmd) ብላችሁ ጻፉ። በሚከፈተው ጥቁር መስኮት አይፒኮንፊግ (ipconfig) ብላችሁ ኢንተር ተጫኑ። ቁጥሩ በ169.254 ከጀመረ ትልቅ ፍንጭ አገኛችሁ። ኮምፒዩተሩ «አድራሻ ስጡኝ» ብሎ ጠይቆ የሚመልስለት አጥቶ ለራሱ ያወጣው ቁጥር ነው። በዚያ ቁጥር የትም አይሄድም።

እኛ አገር ይህ የሚበዛው መብራት ሄዶ ሲመጣ ነው። ሁሉም ነገር እኩል ይነሳል። አዲስ ኮምፒዩተር ከራውተሩ ቀድሞ ይነሳል፤ አድራሻ ሲጠይቅ ራውተሩ ገና አልነቃም። ዊንዶውስ በየአምስት ደቂቃው ደግሞ ይጠይቃል፤ የቸኮለ ግን ላን ኬብሉን ነቅሎ አሥር ሰከንድ ቆይቶ ቢሰካ ወዲያው ይሰጠዋል። መብራት ሲመጣ ትክክለኛው አነሳስ መጀመሪያ የፋይበር ሳጥኑ፣ መብራቱ ሲረጋ ራውተሩ፣ ቀጥሎ ስዊቹ፣ በመጨረሻ ኮምፒዩተሮቹ ነው። ከሁሉ የሚሻለው ግን ራውተሩንና የፋይበር ሳጥኑን ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆም ሳጥን) ላይ መስካት ነው። የሚበሉት ኃይል ጥቂት ስለሆነ ዩፒኤሱ ዴስክቶፕ ከሚያቆመው በላይ ብዙ ጊዜ ያቆማቸዋል። በጀት ለምን ይዋል ብላችሁ ብትጠይቁኝ መጀመሪያ ለዚህ እላለሁ።

አድራሻው በ192.168 ቢጀምርም ከጎረቤታችሁ የተለየ ከሆነ ሌላ ነገር አለ ማለት ነው። እናንተ 192.168.0 ላይ፣ እሷ 192.168.1 ላይ ከሆናችሁ ቢሮው ውስጥ ሁለት አዳይ አለ። አንድ ሰው «ዋይፋዩ አይደርሰኝም» ብሎ ከቤቱ ራውተር አምጥቶ ሰክቷል። ነገሩ የመጣው በቀና ልብ ነው። ግን ያ ራውተር አሁን ከዋናው ጋር እየተሻማ አድራሻ ያድላል፤ ከእሱ የተቀበለ ሰው ወደ ውጭ መውጫ የለውም። አንዱ ይሠራለታል፣ አንዱ አይሠራለትም። ማለዳ የሠራለት ከሰዓት ይጠፋበታል። ራውተሩን ነቅላችሁ ሁሉም ኬብሉን ነቅሎ ቢሰካ ይስተካከላል። ዋይፋዩ እውነትም የማይደርስ ከሆነ ያን ራውተር መጠቀም ይቻላል። መጀመሪያ ለብቻው ከአንድ ላፕቶፕ ጋር አገናኙትና ዲኤችሲፒውን አጥፉት፤ የራሱንም አድራሻ ከዋናው ራውተር የተለየ አድርጉት። ከዚያ ከስዊቹ የሚመጣውን ኬብል ከላን ቀዳዳዎቹ በአንዱ ስኩ።

ሌላ የሰው እጅ የሚያመጣው ጣጣ ደግሞ አለ። ጠረጴዛ ሲነሳ ወለል ላይ የተረፈ ኬብል ይገኛል። አንዱ ጫፉ ስዊቹ ላይ ነው፤ ሌላው ጫፉ ባዶ ነው። ደግ ሰው ያነሳና ያንኑ ስዊች ላይ ይሰካዋል። ወዲያው የስዊቹ መብራቶች ሁሉ እኩል በፍጥነት ይርገበገባሉ፣ ሕንፃው በሙሉ ይቆማል። መልእክቱ በአንዱ ቀዳዳ ወጥቶ በሌላው እየተመለሰ ማለቂያ በሌለው ዙር እየተባዛ ስዊቹን ያንቀዋል። ርካሽ ስዊቾች ይህን የሚከላከል ነገር የላቸውም። መብራቶቹ እንደዚያ ሲያብዱ ካያችሁ ራውተሩን ተዉትና ሁለቱም ጫፉ እዚያው ያለ ገመድ ፈልጉ።

ከበሩ ወደ ውጭ

አድራሻው ትክክል ከሆነ በዚያው ጥቁር መስኮት ፒንግ (ping) ብላችሁ፣ ክፍተት ትታችሁ፣ የጌትዌዩን ቁጥር ጻፉ። «ሪፕላይ» እያለ አራት መስመር ከመለሰ ራውተሩ ጋ ደርሳችኋል። በገመድ ከሆነ ጊዜው ከ1 ሚሊ ሰከንድ በታች መሆን አለበት። በዋይፋይ ሆኖ ቁጥሩ አንዴ 3፣ አንዴ 400 የሚል ከሆነ የዋይፋዩ ነገር አያስተማምንም።

ቀጥሎ ፒንግ 8.8.8.8 በሉ። የጉግል አድራሻ ነው፣ ለመሞከሪያ ይመቻል። ራውተሩ መልሶላችሁ ይህ ካልመለሰ ችግሩ ከራውተሩ ወዲያ ነው። ይህም ከመለሰ ኢንተርኔት አላችሁ፤ ብራውዘሩ ምንም ቢልም አላችሁ።

ታዲያ ገጹ ለምን አይከፈትም? ቀጣዩ ተጠርጣሪ ዲኤንኤስ ነው። ስልካችሁ ላይ «አለቃ» ብላችሁ ትደውላላችሁ እንጂ ቁጥሩን በቃላችሁ አትይዙትም፤ ስልኩ ከስም ዝርዝሩ ቁጥሩን ያወጣል። ዲኤንኤስ ለድረ ገጾች የሚሠራው ይህን ነው። በጎርጎርዮሳዊው እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ ድረስ የኢንተርኔቱ ኮምፒዩተሮች ስም ሁሉ አንድ ፋይል ላይ ይጻፍ ነበር። ኮምፒዩተሮቹ ሲበዙ ፋይሉ አልቻለም፤ በ1983 ዲኤንኤስ መጣ። ፒንግ ጉግል ዶት ኮም (ping google.com) ስትሉ ስሙን አላገኘሁትም ካለ፣ 8.8.8.8 ግን ከመለሰ፣ ዲኤንኤሱ ነው ያስቸገረው። ኔትወርክ ሴቲንጉ ውስጥ የዲኤንኤሱን ቦታ 8.8.8.8፣ ሁለተኛውን 1.1.1.1 ብታደርጉት ብዙ ጊዜ ይፈታል። መሥሪያ ቤቱ የራሱ ሰርቨር ካለው ግን ይህን አታድርጉ፤ የውስጡ ሲስተም ስም የሚታወቀው በውስጡ ዲኤንኤስ ብቻ ነውና ያኔ «ሲስተም የለም» በእርግጥም ይመጣል።

አሁን ወደ ሰዓቱ። ብዙ ሰው ከኔትወርክ ጋር አያገናኘውም፤ እኔ ግን ለብቻው ላነሳው እፈልጋለሁ። አሮጌ ኮምፒዩተር ማዘርቦርዱ (ዋናው የውስጥ ሰሌዳው) ላይ ያለችው ክብ ባትሪ ስትደክም መብራት በሄደ ቁጥር ቀኑን ይረሳል። ሠራተኛው ያስተካክላል። ግን በምን? በእኛው አቆጣጠር። ለምሳሌ ዘመኑ በእኛ 2017 ከሆነ 2017 ብሎ ያስገባል፤ በጎርጎርዮሳዊው 2024 ወይም 2025 መሆን ሲገባው። ኮምፒዩተሩ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ሄደ። ከዚያ በኋላ ባንክም ሆነ ኢሜይል ሲከፈት «ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» የሚል ቀይ ማስጠንቀቂያ ይመጣል። እያንዳንዱ ጥብቅ ገጽ መቼ ጀምሮ መቼ እንደሚያበቃ የተጻፈበት ሰርተፊኬት አለው። 2017 ላይ ላለ ኮምፒዩተር ያ ሰርተፊኬት ገና አልወጣም፤ ስለዚህ አይቀበለውም።

ሰዓቱም እንዲሁ ነው። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓትን 3:00 ብሎ ያስገባ ሰው ኮምፒዩተሩን በ6 ሰዓት ያስቀረዋል። የመሥሪያ ቤቱ ሎግኢን በማዕከላዊ ሰርቨር የሚያልፍ ከሆነ ሰርቨሩ በተለመደው አሠራር ከ5 ደቂቃ በላይ ልዩነት አይታገስም። ፓስዎርዱ ትክክል ሆኖ አያስገባም። ስለዚህ የሰዓት ክልሉን ዊንዶውስ ላይ ናይሮቢ የሚለው ላይ አድርጉት፣ ከእኛ ጋር አንድ ነው። ቀኑም ሰዓቱም ከኢንተርኔት ራሱ እንዲወስድ ፍቀዱለት። ባትሪዋንም ቀይሩ፤ የታወቀችው ሲአር2032 ናት፣ ዋጋዋ ትንሽ ነው።

ስለ ዋይፋይ አጭር ነገር። ከቦታው የማይነሳ ዴስክቶፕ በዋይፋይ መሥራት የለበትም፤ ገመድ ይገባዋል። ለላፕቶፕና ለስልክ ራውተሩን ከፍ ያለ ክፍት ቦታ ላይ አድርጉት፣ ብረት ካዝና ውስጥ አትቆልፉበት። ወፍራም የጥቁር ድንጋይ ግድግዳ ካለ 5 ጊጋኸርዝ የሚለው የዋይፋይ ስም ማዶ አይደርስም፤ 2.4 የሚለውን ተጠቀሙ። ፍጥነቱ ይቀንሳል እንጂ ይሻገራል። ፕሪንተሩ ከጠፋባችሁ ደግሞ ዊንዶውስ ኔትወርኩን «ፐብሊክ» ብሎ መዝግቦት ይሆናል፤ ቢሮ ከሆነ «ፕራይቬት» አድርጉት።

ክረምት ሲገባ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለ። ከጣና ላይ ደመናው ጠቁሮ ነጎድጓዱ ሲጀምር ኮምፒዩተር ከሶኬት መንቀል ሁሉም ያውቃል። ላን ኬብሉን ግን ማንም አይነቅልም። ከብሎክ ወደ ብሎክ በውጭ የተጎተተ የመዳብ ገመድ የመብረቁን ኃይል ይዞ ይገባል፤ በአንድ ብልጭታ ስዊቹንም ከእሱ ጋር የተገናኙትንም ሊያቃጥል ይችላል። ፋይበር መስታወት ስለሆነ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። በሕንፃዎች መካከል መስመር የምትዘረጉ ከሆነ ፋይበር ይሁን። ከነጎድጓድ በኋላ አንድ ኮምፒዩተር ብቻ አልገናኝ ካለ የስዊቹ አንዷ ቀዳዳ ተቃጥላ ሊሆን ይችላልና ሌላ ቀዳዳ ሞክሩ።

ችግሩ ከራውተሩ ወዲያ መሆኑን ካረጋገጣችሁ የፋይበሩን ሳጥን እዩ። «ሎስ» የሚለው መብራት ቀይ ከሆነ ብርሃኑ ከውጭ እየመጣ አይደለም። ቀጭኑ የፋይበር ገመድ በጠረጴዛ እግር ተጨፍልቆ ወይም ከመጠን በላይ ታጥፎ እንዳልሆነ ተመልከቱ። ጫፉን ነቅላችሁ በዓይናችሁ እንዳታዩት፣ የማይታይ የሌዘር ብርሃን ነው የሚያልፍበት። ራውተሩን ማጥፋትና ማብራት ጉዳት የለውም። ከኋላው ያለችውን በመርፌ የምትጫን ትንሽ ቀዳዳ ግን አትንኩ። እሷ ሪሴት ናት፤ የአገልግሎቱን መጠቀሚያ ስምና ፓስዎርድ ሁሉ ትሰርዛለች፣ ቀላሉን ችግር የባሰ ታደርገዋለች።

ከዚያ ወደ ኢትዮ ቴሌኮም 994 ደውሉ። «ኔትወርክ የለም» ብቻ ካላችሁ ኮምፒዩተራችሁን አጥፍታችሁ አብሩ ይሏችኋል። የአገልግሎት ቁጥራችሁን ይዛችሁ፣ «ራውተሩ ይመልሳል፣ ወደ ውጭ አይወጣም፣ ሎስ ቀይ ነው፣ የጀመረው ጠዋት መብራት ሲመለስ ነው» በሏቸው። የአቤቱታ ቁጥር ተቀበሉና ቀኑንና ሰዓቱን ጨምራችሁ ራውተሩ ጎን በተሰቀለ ደብተር ላይ ጻፉት፤ ነገ ተረኛ የሚሆነው ሰው እንዲያገኘው።